ጅብ የሌለበት ሸለቆ

ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቢሆንም በከሚሴ ዙሪያ ያለው የጨፋ ሸለቆ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳው የገንዘብ አይደለም። አንድ ሙሉ ሸለቆ ከነሐይቁ፣ ከነቤተ መንግሥቱ፣ ከነብረት በሩ ተረክቦ፣ አሳምሮ አሳምሮ ካበቃ በኋላ እንዳለ ጥሎት ካይሮ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የሚል ተረት መሰል ልብ ወለድ አሳተመ። ራሴላስ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ነው። ዙፋኑ እስኪጠራው ድረስ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በአማራ ግዛት፣ ዙሪያውን በተራራ በታጠረ አንድ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። መግቢያው ከዐለት ሥር የሚገኝ ዋሻ ነው፤ የዋሻው አፍ ላይ ያለው የብረት በር በመዘውር ካልሆነ በሰው ጉልበት አይከፈትም። የሚከፈተው ንጉሡ በዓመት አንዴ ልጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። ስምንት ቀን ይሰነብታል። ያን ሰሞን ዘፋኙም ጨዋታ አዋቂውም ካልገባሁ ብሎ ይሻማል፤ የገባ ግን ተመልሶ አይወጣም። የቤተ መንግሥቱ ክፍሎች የሚታይ መንገድም የተሰወረ መንገድም አላቸው። በምሰሶዎቹ ሆድ ውስጥ ነገሥታቱ ሀብታቸውን አሽገውበታል፤ የሀብቱ መዝገብ ደግሞ ንጉሡና አልጋ ወራሹ ብቻ በሚገቡበት ማማ ተደብቋል።

እስቲ ይህን ለአንድ የከሚሴ ልጅ ንገሩትና ዝም በሉት። ወርቁን ማን ይሰርቃል? በተሰወረው መንገድ ማን ወደ ማን ክፍል ይሄዳል? መዘውሩ አንድ ቀን ቢሰበር፣ ያውም ንጉሡ ውስጥ እያለ? ልጁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት መጽሐፍ ይጽፍላችኋል። ጆንሰን ግን ወርቁን አሽጎ እዚያው ተወው። በተሰወረው መንገድ አንድ ሰው እንኳ ሹልክ ሲል አናይም። በ15ኛው ምዕራፍ ልዑሉ ከሸለቆው ይወጣል። መጽሐፉ ያለው 49 ምዕራፍ ነው። የቀረውን 34 ምዕራፍ ምክር ስንሰማ እንከርማለን።

ለሰውዬው ማዘን ካስፈለገ የሚታዘንበት አለ። መጽሐፉን የጻፈው እናቱ በሞተችበት ሰሞን ነው፤ የቀብሯን ወጪና የተወችውን ጥቃቅን ዕዳ ለመክፈል ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ ጨረሰው። አሳታሚዎቹ 100 ፓውንድ ከፈሉት። ለቀብር በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ማጉረምረም ነውር ነው የሚል ካለ፣ እኔም እናቱን ነፍስ ይማር ብዬ ነው የምቀጥለው። ግን ሸለቆው የኛ ነው።

ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የታተመለት የመጀመሪያ መጽሐፍ ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሚስዮናዊ ስለ አገራችን የጻፈውን ከፈረንሳይኛ የመለሰው ነው። በመቅድሙ ላይ ሎቦን የሚያመሰግነው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰው በዓይኑ የሚገድል አውሬ ምናምን ስላላመጣ። እዚያ ላይ ነበር መጠርጠር። አውሬ ባለመኖሩ ደስ የሚለው ሰው ተረት ልጻፍ ብሎ ሲነሳ ከየት ሊያመጣው ነው?

ልዑላን የሚዘጉበት ቦታም ፈጠራ አይደለም፤ ግሸን ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ የነገሥታት ልጆች በተራራ ላይ ተጠብቀው ይኖሩ እንደነበር ጽፏል። ከከሚሴ ተነስቶ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ ኃይቅን ያለፈ ሰው አምባሰል ገብቶ ያንን አምባ ያየዋል፤ መስከረም 21 ቀን ስንቱ የሚሳለምበት ነው። ጆንሰን ከተራራው ጫፍ አውርዶ ሸለቆ ውስጥ ከተታቸው። በዚህስ ደግ አደረገ። አምባ ላይ የተዘጋ ሰው አገሩን ቁልቁል እያየ ይጽናናል፤ ሸለቆ ውስጥ የተዘጋ ግን ከተራራው ወዲያ ምን እንዳለ ሲያስብ ነው የሚያድረው። ይህን እኛ እናውቀዋለን።

መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። እኔ ደግሞ አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አክስቴ ቤት ከሚሴ ቡና ላይ ለማጫወት ተነሳሁ። ጎረቤታችን ሸሁ አሉ። እሑድ ሰንበቴ ሰኞ ባቲ የሚውል ከብት ነጋዴ አለ። ከጅዳ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ አለች። ጥግ ላይ ስልኩ ባትሪ የዘጋበት የአክስቴ ልጅ ተኮራምቷል። ዱዓ ተደርጎ፣ አሚን ተብሎ፣ አቦሉ ተቀዳ።

«ተረት ነው ቂሷ?» አለች አክስቴ።

«በመሐል ነው» አልኩና ጀመርኩ። «አንድ ሸለቆ ነበረ…»

«ሣር አለው?» አለ ከብት ነጋዴው።

«ሞልቶ።»

«ውኃስ?»

«መሐሉ ላይ ሐይቅ አለ። የተረፈው ውኃ በሰሜን በኩል በተራራው ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። ሣር የሚግጥ፣ ቅጠል የሚቀነጥብ ሁሉ አለ፤ ዝሆን ሳይቀር። ጅብ ግን የለም። ተራራው አያስገባም።»

ሲኒው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። «ጅብ የለም?»

«የለም።»

«ወባስ?» አለች አክስቴ።

ስለ ወባ መጽሐፉ ትንፍሽ አይልም። አክስቴ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «ቆላ ሆኖ፣ ሐይቅ ኖሮት፣ ወባ የለውም? ይሄ ሰውዬ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሌሊት አላደረም።»

«ተዉት፣ ልጁ ይናገር» አሉ ሸሁ። «የአላህ ሥራ ሰፊ ነው።»

ጨፋን ለማያውቅ ሰው ጥያቄያቸው ለነገር ፍለጋ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ እዚህ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ነው ወደ አዋሽ የሚሄደው። የተኛበት ረግረግ ደንገልና ፊላ ያበቅላል፣ ዙሪያው አገር ሁሉ ደርቆ አቧራ ሲሆን እሱ ለምለም እንደሆነ ይቆያል። በበጋ ያን ሣር ብሎ የማይመጣ የለም። የኦሮሞው ከብት አለ፣ የአርጎባው አለ፣ ከታች አፋሩ ግመሉንም ላሙንም ነድቶ ይመጣል። ሣሩ ባለበት ጠብ አለ፣ ጠብ ባለበት ሽምግልና አለ፣ ሽምግልና ባለበት ደግሞ ስንት ጋብቻ ተጀምሯል። እንዲህ ያለ ሸለቆ ላይ የብረት በር ገጥሞ፣ በበጋ ከበሩ ውጭ ከብቱን ይዞ ስለሚቆመው ሰው አንድ ቃል አለመጻፍ! በዚያ በር ላይ የሚነሳው ክርክር ብቻ እኮ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ወደ ቡናው ልመለስ። ልዑሉ በ26ኛ ዓመቱ ሸለቆው ሰለቸው። ልውጣ ብሎ ማሰብ ጀመረና ሲያስብ ብቻ 20 ወር አለፈው። ባከነብኝ ብሎ ተቆጨ፤ ከእንግዲህ ጊዜ አላባክንም ብሎ ሲወስን ሌላ 4 ወር ሄደ። መውጫ ቀዳዳ ሲፈልግ 10 ወር ጨመረ። ይህን ጆንሰን ሆን ብሎ ሲያሾፍ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ የሚስተካከለው የለም። አክስቴም ከት ብላ ስቃ ወደ ልጇ አየች፤ እሱ ፈተና ሊያጠና ካሰበ ሰንብቷል።

ቀጥሎ ባለ ክንፉ መጣ። ሸለቆው ውስጥ መዘውርና መሣሪያ የሚሠራ ብልሃተኛ አለ። ሰው መብረር ይችላል ብሎ ልዑሉን አሳመነው፤ ምሥጢሩ ለማንም እንዳይነገር ቃል አስገብቶ ዓመት ሙሉ የሌሊት ወፍ ክንፍ እያየ ክንፍ ሠራ። ቤቱ ጸጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሸሁ መቁጠሪያቸውን ያዙ እንጂ አልቆጠሩም። ብልሃተኛው ገደል አፋፍ ላይ ወጣ፣ ክንፉን አርገበገበ፣ ዘለለ፣

«እ?»

«ሐይቁ ውስጥ ወደቀ።»

«ያ ረቢ!»

«አየር ላይ ያልሠራው ክንፍ ውኃ ላይ አንሳፈፈው። ልዑሉ ጎትቶ አወጣው።»

«አጃኢብ!» አሉ ሸሁ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ምዕራፉ አለቀ። ሰውዬው ሁለተኛ አይነሳም።»

እንዲህ ያለ ጩኸት እዚያ ቤት የተሰማው ኳስ በሚታይበት ማታ ብቻ ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ሲናገር የከብት ነጋዴው ድምፅ በለጠ። «ቆይ፣ ክንፉ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል አልክ። የሐይቁ ውኃ ደግሞ በተራራው ስንጥቅ ይወጣል አልክ። ታዲያ ክንፉን ለብሶ ከውኃው ጋር አይወጣም?»

መልስ ነበረኝ። ልዑሉ ስንጥቁን ቀድሞ አይቶታል፤ በቋጥኝ የተሞላ ነው፣ ውኃ እንጂ ሰው አያሳልፍም ይላል መጽሐፉ።

«ቋጥኙን ይፍለጡታ!»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ከጉድጓዳቸው ያባረራቸው ሽኮኮዎች ሽቅብ እየቆፈሩ መጠለያ ሲሠሩ አይቶ፣ ልዑሉም ተራራውን ሽቅብ ቆፍሮ መውጣቱ ነው። ተራራ የሚቆፍር ሰው ቋጥኝ ለምን ይፈራል? ሽኮኮዎቹ ግን ተወደዱ። ሸሁ የሽኮኮን ብልሃት ባጭሩ አስረዱ፤ አቦሉ አበቃ።

በቶና ካይሮ ደረስን፤ ቡናውም ጨዋታውም ቀጠነ። ልዑሉ፣ እህቱ ነቃያ፣ አጫዋቿ ጰቁዋና ገጣሚው ኢምላክ ደስታ የት እንዳለ እየዞሩ ይጠይቃሉ። ስለ ትዕግሥት የሚያስተምር ሊቅ ልጁ ስትሞትበት ትዕግሥቱ ይጠፋዋል። ዋሻ ውስጥ የመነነው መናኝ ሰልችቶት ወደ ከተማ ይመለሳል። ሸሁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጥማቸዋል። ሌላው ሰው ቆሎውን ነው የሚያየው። አክስቴ በጆሮዬ «ባለ ክንፉ ይመጣል አይደል?» አለችኝ።

በዚህ ቅሬታ ከሚሴ ብቻዋን አይደለችም። ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ የ10 ዓመቷ ጄን አዳሪ ትምህርት ቤት በገባች በማግስቱ አንዲት ልጅ «ራሴላስ»ን ስታነብ ታገኛታለች። ስሙ ደስ ይላትና መጽሐፉን ተቀብላ ታገላብጠዋለች። ጂኒ የለ፣ ሌላ ተአምር የለ። ፊደሉ የተጣበቀ ገጽ ብቻ። መልሳ ትሰጣታለች። አክስቴና ጄን ቢገናኙ በአንድ ሲኒ ቡና ይግባቡ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ይሄ ጌም ኦፍ ትሮንስ ነው አለ። ያ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያልቅ የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን ብለው ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል። ዘንዶ አሳይቶ፣ ስምንት ዓመት አስጠብቆ፣ በጥድፊያ መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ ይህ ትውልድ ከኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ለጆንሰን የሚፈረም ወረቀት ቢኖር ከዚያ ቤት አምስት ፊርማ አይጠፋም ነበር። አራቱ እንኳ እርግጠኛ ነው፤ የአምስተኛውን እነግራችኋለሁ።

ጰቁዋ ፒራሚዱ አጠገብ በአረቦች ተይዛ ስትወሰድ ጨዋታው ትንሽ ነፍስ ዘራ። ማስለቀቂያው 200 ወቄት ወርቅ መሆኑን ስናገር ከብት ነጋዴው በጣቱ አሰበ። ከጅዳ የተመለሰችው ልጅ ምንም አላለችም። ቀጥሎ የከዋክብት ተመራማሪው መጣ፤ ዝናብና ፀሐይን እኔ ነኝ የማዘው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ክረምትና በጋን ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ የሚል።

ሸሁ ሳይቀሩ ቀና አሉ። ማሽላው በወገቡ ሲደርስ ዝናብ የቀረበት አገር ሰው ይህን እንደዋዛ አይሰማም። «ለማን ሰጠ?» አለ ከብት ነጋዴው። «ለማን ነሳ? እንዴት ያከፋፍል ነበር?»

«አብዷል» አልኩ። «ሴቶቹ እየሄዱ ሲያጫውቱት ቀስ በቀስ ዳነ።»

«ዝናቡስ?»

«ዝናቡ ድሮም የሱ አልነበረም።»

ከብት ነጋዴው ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ቀጭ አድርጎ አስቀመጠ። «ሰውዬው አንድ ነገር ያሳይህና ይቀማሃል» አለ። ስለ ጆንሰን ብዙ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል፤ ከዚህ የተሻለ ግን አላነበብኩም።

በረካው ሲቀዳ ወደ ማለቂያው ደረስኩ። ዓባይ ሞልቶ ቤት ዘጋባቸው። ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ምኞታቸውን ተናገሩ። ጰቁዋ ገዳም መግባት አማራት፣ ልዕልቷ የሴቶች ትምህርት ቤት ማቆም፣ ልዑሉ በልክ የሆነች ትንሽ መንግሥት ማስተዳደር። የተመኙትን እንደማያገኙት ሁሉም ያውቁታል። ጎርፉ ሲጎድል ወደ አገራቸው ሊመለሱ ወሰኑ።

«እሺ» አለች አክስቴ።

«አለቀ።»

«ምኑ?»

«መጽሐፉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ርዕስ ራሱ ምንም እንዳልተደመደመ ይናገራል።»

ለካስ ሰውዬው ያውቃል! ያ ነው ይበልጥ ያናደዳቸው። ባለማወቅ የበደለ ይቅር ይባላል።

በዚህ መሐል ነው ከጅዳ የተመለሰችው ልጅ የተናገረችው። «እኔስ ገብቶኛል» አለች። «እዚህ ሳለሁ በሩ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ወጣሁ። የሠራሁባቸው ቤቶች እመቤቶች ሁሉ ደስታው ሌላው ቤት ነው ያለው ይሉ ነበር። ተመለስኩ። ምን ተደመደመ? ሰውዬው እውነቱን ነው።»

ለአፍታ ማንም መልስ አልሰጠም። አክስቴ ጀበናውን አንስታ ለልጅቷ ደገመችላት። «እውነቱን ነው» አለች። «ግን አንቺ ስትመጪ ደጅ ወጥተን ጠብቀንሽ የለም ወይ? እናትሽ አላለቀሰችም? በግ አልታረደም? በማግስቱ ያመጣሽው ሻንጣ ላይ ያ ሁሉ ኩርፊያ አልተነሳም? እሱን ይጻፈዋ! ሰው ሲመለስ ነው እንጂ ወሬው…»

እኔ ለአክስቴ ፈረድኩ። ጆንሰን ኑሮ መደምደሚያ እንደሌለው ለመንገር ሐይቅ፣ ክንፍና የታሸገ ወርቅ መበደር አያስፈልገውም ነበር። ለንደን ውስጥ ሁለት የተሰላቹ ሽማግሌዎች አስቀምጦ ቢያነጋግራቸው ይበቃው ነበር።

«ቀዳዳውን ደፍነውታል?» አለ በድንገት ከብት ነጋዴው።

«የቱን?»

«ተራራውን ቆፍረው የወጡበትን።»

አሰብኩ። ሲደፍኑ መጽሐፉ አይናገርም። በጨረቃ ወጡ፣ ሄዱ፣ በቃ።

«እንግዲያው ጅብ ገብቷል።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በወጉ መጻፍ ይከብደኛል፤ ሁሉም ባንዴ ነው የተናገረው፣ አማርኛው ሲሞቅ ወደ ኦሮምኛ ይገባል፣ ጅቡም ዋራቤሳ ሆኖ ነው የገነነው። ጅብ አይቶ የማያውቅ ከብት አይሸሽም፤ ቆሞ ያየዋል። ጅብ ሰምተው የማያውቁ ልዑላን ማታ ሲጮኽ አዲስ ዘፋኝ የመጣላቸው ይመስላቸዋል። በሩ የሚከፈተው ንጉሡ ሲመጣ ነው፣ ንጉሡ ደግሞ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። ማን ይድረስላቸው? አክስቴ ይህን ጊዜ ጠብቃ ኖሯል፤ ባለ ክንፉ ክንፉን አልጣለውም፣ በተሰወረው መንገድ ምድር ቤት አስገብቶ ደብቆታል አለች። ሸሁ መዝገቡ ያለበት ማማ ላይ አንድ ሽማግሌ ጨመሩ፤ ሽማግሌው ጅብ ምን እንደሆነ ከድሮ መጽሐፍ የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ነው፣ ማንም ግን አያምነውም። የአክስቴ ልጅ ወርቁን አስወጣ፤ የት እንዳደረሰው አልተግባባንም። ከጅዳ የተመለሰችው ልጅ ነቃያን በቀዳዳው መልሳ አመጣቻት፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የጅብ ዱካ እንድታይ አደረገቻት፣ ወደ ውስጥ ይሂድ ወደ ውጭ በማይለይ ጭቃ ላይ።

መብራት መጣ። ማንም አልተነሳም።

ያልረካ አንባቢ እንግሊዝ አገርም እንደነበረ ነገርኳቸው። ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1790 «ዲናርባስ» ብላ የራሴላስን ታሪክ ካቆመበት ቀጥላ ጻፈች፤ ልዑሉንም እህቱንም ድራለች።

«ደግ አደረገች» አለች አክስቴ። «ጅብ አለበት?»

«ጅብ ያለበት አይመስለኝም።»

«ተዋት እሷን» አለኝ ከብት ነጋዴው፣ ሲኒውን ለአራተኛ እየዘረጋ። «የት ደርሰን ነበር? ዝሆኑ ጅቡን ሲያየው…»